የቀሪ ማኅበር ሙሴ

ኪሮስ መሞቱን የሰማሁት ለመስቀል ጥቂት ቀን ሲቀረው ነው፣ በማስተምርበት የሰቆጣ ትምህርት ቤት የአንደኛ ክፍል ልጆች ስመዘግብ። ከኪሮስ ሀገር ከሰሃላ የሆነ፣ ከስደት የተመለሰ አንድ ወጣት መስኮቱ ላይ ቆሞ «መምህርት ብርቄ የሚሉሽ አንቺ ነሽ?» አለኝ። ፊቱ በፀሐይ ተልጧል፤ ከንፈሩ ላይ ያልሻረ ቁስል አለ። ነኝ አልሁት። ግባ ስለው አልገባም አለ። እዚያው እንደቆመ፣ «ከኪሮስ ጋራ ነበርን፤ ከባሕሩ ማዶ፣ የሳዑዲ ድንበር ተራራ ላይ። ለፍልሰታ መፍቻ ታመመብን። መራመድ አቃተው። ጥለነው ሄድን» አለኝ። እንዲሁ ነው ያለኝ፣ ሳይሸፋፍን። እነሱ ወዲያው ተይዘው ታስረዋል፤ እስር ቤት ያገኟቸው ሌሎች ልጆች ሬሳውን መንገድ ላይ አግኝተው ድንጋይ እንደከመሩበት ነግረዋቸዋል። እኔ የአንዲት ሕፃን ስም ግማሹን ጽፌ፣ እስክርቢቶዬን እንደያዝሁ ቀረሁ።

«አባቱ ሰምተዋል?» አልሁት።

«ማን ይነግራቸዋል? እሳቸው ፊት አፌም አይከፈት፤ ሰሃላም አልገባ። ስምሽን ሲያነሳ እሰማ ስለነበር ነው ወዳንቺ የመጣሁ።»

«እኔ እነግራቸዋለሁ» አልሁ። ምላሴን በቆረጠው! ያን ያልሁት መስቀል ሳይገባ ነው፤ ሰሃላ የሄድሁት ግን ጥምቀት ካለፈ በኋላ ነው። በመካከል ምን ይዞኝ እንደከረመ እመጣበታለሁ። አስቀድሜ ግን ኪሮስን ላሳያችሁ፤ ሞቱን ብቻ ሰምታችሁ እንዳትቀሩ።

ፍቅረኛው አልነበርሁም። ይህን የምናገረው ስሙን ባነሳሁ ቁጥር ዐይናቸውን የሚያጠቡብኝ ሰዎች ስላሉ ነው። ዩኒቨርሲቲ አንድ ክፍል ነበርን፣ ተፈጥሮ ሀብት። ረጅም ነው፤ ቀጭን ነው፤ የፊት ጥርሱ ተሰብሮ ስለነበር ሲስቅ አፉን በእጁ ይሸፍናል። የጠጣበትን ብርጭቆ ጠብታ ባዶ መሬት ላይ ሲደፋ አይቼው አላውቅም፤ ዞሮ ዞሮ ሣርም ቢሆን ፈልጎ ሥሩ ላይ ነው የሚያንጠፈጥፈው። ሰው ካየው ያፍራል። አፉን የፈታው በኽምጣኛ ነው። አማርኛውን የካብ ድንጋይ እንደሚደረድር ሰው አንዱን ቃል አስቀምጦ፣ መቀመጡን አይቶ ነው ሌላውን የሚያነሳው። ሲናደድ ግን ወደ ኽምጣኛው ይመለስና ለብቻው ያጉተመትማል። «ምን አልህ?» ስንለው «ለእናንተ አይደለም፣ ለእግዜር ነው» ይል ነበር።

ግቢያችን ከሰቆጣ ከተማ ወጣ ብሎ፣ ገላጣ ጉብታ ላይ ነው። ጦርነቱ አልፎ ሲከፈት የገባን እኛ ነን። የዶርሙ በር ተነቅሏል፤ መስኮቱን በካርቶን ደፍነን ነው ያደርንበት። ተማሪው ሁሉ ሐዘንተኛ ነበር፤ ወንድሟ የሞተባት አለች፣ ቤቱ የተቃጠለበት አለ፣ እናት አባቱ የት እንደተሰደዱ የማያውቅ አለ። ማን ማንን ያጽናናል? ሁሉም ጋቢውን ተከናንቦ ግድግዳውን ያያል። ፈተና ይመጣል፣ ይወድቃል፣ ተመልሶ ግድግዳውን ያያል።

ውሃ በቦቴ ነበር የሚመጣው፣ ያውም ሲገኝ። በዚያ ውሃ ልብሳችንን አጥበን ቁልቁል ስንደፋው ኪሮስ ቆሞ ያያል። አንድ ቀን ከማጠቢያው ገንዳ ቱቦ ሥር ጉድጓድ ቆፍሮ አሸዋና ጠጠር ሞላበት። ሳሙናው አሸዋው ላይ እየቀረ፣ ከታች የሚወጣውን ውሃ በቢጫ ጀሪካን ይቀዳ ጀመር። ከዚያ በአጥሩ ጥግ ወይራና ግራር ተከለ። አብዷል አልን። እኔም ብያለሁ፤ አልዋሽም።

ቀጥሎ ደግሞ ማኅበር አቋቋመ። ሐሙስ ሐሙስ ከክፍል መልስ ገንዳው ዘንድ እንሰበሰባለን። ከካፌ ያስተረፍነው ዳቦና በፔርሙዝ የመጣ ሻይ፣ ጽዋችን ይኸው ነው። እንደ ሀገር ቤት ማኅበር አለቃ አለው፤ ሙሴ ይባላል፤ ሙሴው እሱ ነው። በሀገር ቤት ተረኛው ጽዋ ያነሳል፤ የኛ ተረኛ ጀሪካን ያነሳል። የሳምንቱን ችግኝ የሚያጠጣ እሱ ነው። ዳቦው ሳይቆረስ በፊት ግን ሙሴው «ማን ቀረ?» ብሎ ይጠይቃል። የቀረ ካለ አይቆረስም! ሁለት ሰው ተነስቶ ዶርሙ ድረስ ሄዶ፣ ታሞም ከሆነ፣ ከፍቶትም ከሆነ፣ ተኝቶም ከሆነ ዐይኑን አይቶ ይመለሳል። የአባቱ ማኅበር በሰሃላ እንዲህ ነበር አለን፤ የቀረ ሰው ድርሻው ፀሐይ ሳትጠልቅ ቤቱ ይደርስለታል።

አንድ ዲያቆን ልጅ ነበር፣ ነገር ወዳድ። «ያለ ታቦት ምን ማኅበር አለ? ቅዱሳችሁ ማነው?» ብሎ ያዘው።

ኪሮስ አሰበ፣ አሰበና «የኛ ቅዱስ የቀረው ሰው ነው» አለው።

ሰይድ የሚባል የክፍላችን ልጅ ራቅ ብሎ ልብሱን ያጥብ ነበር። «እንዲያ ከሆነስ እኔም እገባለሁ» ብሎ እጁን ከነሳሙናው ዘረጋ። ኪሮስ አፉን ሸፍኖ ሳቀ።

እኔ የገባሁት ግን በብስጭት ነው። ሁለተኛ ዓመት ላይ ወንድሜ ሞተብኝ። አልጋዬ ላይ ወጥቼ ቀረሁ፤ ምግብም፣ ክፍልም፣ መታጠብም ተወኝ። የማኅበሩ አባል አልነበርሁም፤ ለኪሮስ ግን የክፍሉ ልጅ ሁሉ አባል ነው። መጥቶ የሴቶች ሕንጻ በር ላይ ተቀመጠ። የሕንጻው ፕሮክተር እትዬ ዓለም ምላሳቸው ኮሶ ነው።

«አንተ ልጅ! ወንድ ልጅ የሴት በር ላይ ምን ይሠራል?»

«ቀሪ ልጠይቅ ነው እትዬ።»

«ጠየቅህ፤ አለች፤ ትተነፍሳለች። ሂድ በቃ!»

«እርስዎ አይተዋታል። እኔ አላየኋትም።»

ሄደ፤ በማግስቱ መጣ። በሦስተኛው ቀን እትዬ ዓለም ራሳቸው በርጩማ አውጥተውለታል። ልጆቹ በመስኮት እያዩ ይሳሳቃሉ። በጣም ተናደድሁ፤ ልሰድበው ወጣሁ። ፀሐዩ ዐይኔን ወጋኝ። «ምን ፈለግህ? አፈር ብላ!» አልሁት። ምንም አላለኝም፤ በርቺ፣ እግዜር ያጽናሽ፣ አንዱንም አላለኝም። ጀሪካኑን አነሳና እጄ ላይ አደረገው። «ሐሙስ ተረኛ ነሽ» አለኝ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ያለቀስሁበት የለም። እያለቀስሁ አጠጣሁ። ያኔ ባይመጣ ኖሮ ዛሬ እኔ የለሁም፤ ነገሩ ይሄው ነው።

የማኅበሩ ወሬ ለአስተዳደሩ ደረሰና ጉድ ፈላ። ክበብ ነው አሉን፤ ስም ወጣለት፣ ቲሸርት ታደለን፣ ባነር መጣ። ባነሩ ላይ «ጤናማ ተማሪ፣ አረንጓዴ ግቢ» ተጽፏል። አንድ ቀን እንግዶች በመኪና መጥተው ችግኝ ተከሉ፣ ፎቶ ተነሱ፣ ምሳ በልተው ሄዱ። ኪሮስ ሄዶ መሬቱን በጣቱ ጫር ቢያደርግ፣ ችግኙን ከነፕላስቲኩ ቀብረውታል! «እግሩን አስሮ ሩጥ የሚል ማነው?» አለና ወደ ኽምጣኛው ገባ። ሁሉንም አንድ በአንድ አውጥተን፣ ፕላስቲኩን ቀድደን መልሰን ስንተክል ዋልን። ባነሩን ግን ገልብጦ ድርቆሽ አሰጣበት። ከካፌ የሚተርፈውን እንጀራ እያደረቀ ከአጥሩ ማዶ ለሰፈሩት ተፈናቃይ እናቶች ያደርስ ነበር። «ይሄ ባነር ሥራ አገኘ፤ ተመራቂዎቹ ግን አላገኙም» እያለ ይቀልድ ነበር።

ቀልዱ እውነት ነበር። ከእኛ በፊት የተመረቁት ዲግሪያቸውን ሣጥን ውስጥ ከተው በአፋር አድርገው ወደ ባሕሩ ይሄዱ ነበር። በየሳምንቱ አንድ ሁለት ስም እንሰማለን። ኪሮስ ይህ ነገር ያንገበግበው ነበር። «በረሃው ማን ቀረ ብሎ አይጠይቅም። እዚሁ ብንራብ እንኳ የሚጠይቀን አለ» ይል ነበር። ያኔ አመነው፤ እኛም አመንነው።

እናቱን አንድ ጊዜ አይቻቸዋለሁ። ማር በቅል ይዘው፣ ቀን ተኩል በእግር ተጉዘው መጡ። አማርኛ አይሰሙም። ሐሙስ ነበርና ገንዳው ዘንድ አስቀመጥናቸው፤ ኪሮስ የያንዳንዳችንን ስም እየጠራ ለእሳቸው ይተረጉማል። እኔ ዘንድ ሲደርሱ ፊቴን በሁለት እጃቸው ይዘው ብዙ ተናገሩ። «ምን አሉኝ?» ስለው፣ «ትልቅ ሰው ትመስያለሽ፣ ልጄን አደራ ነው የምትልሽ» አለኝ። ለእናት ለአባቱ አንድ ነው።

እንግዲህ ወደ እኔ ሥራ ልምጣ።

የመውጫ ፈተናው ዘጠኝ ቀን ሲቀረው፣ በገበያ ቀን፣ የበሩ ጥበቃ ጠራኝ። አንድ ሰውዬ አቧራ ለብሰው፣ ዱላቸውን ተደግፈው ቆመዋል። የኪሮስ አጎት አያ ሞላ ናቸው፣ የእናቱ ወንድም። በሰሃላ ስልክ የለም፤ በእግራቸው ነው የመጡት። ኪሮስ ያን ጊዜ ላይብረሪ ገብቶ ደካማ ተማሪዎችን ያስጠና ነበር።

«ብርቄ ማለት አንቺ ነሽ? እናቱ ታማለች፤ ብርቱ ነው። ኪሮስን ጥሩልኝ ትላለች። ጥናት ላይ ነው ሲሉኝ ጊዜ ገብቼ ላውከው አልደፈርሁም። እኔም በሬዎቹን ለሰው ሰጥቼ ነው የወጣሁ፣ ልመለስ ነው። አደራ፣ ንገሪው።»

«እነግረዋለሁ አያ ሞላ። እግዜር ይማርልን።»

«አሜን። እሷ ዐይኗ በር በሩን ነው የሚያይ።» ይህን ብለው ዞረው ሄዱ፤ ውሃ እንኳ አልቀመሱም።

ወደ ላይብረሪው ዐሥር እርምጃ ሄጃለሁ። ከዚያ ቆምሁ። ዘጠኝ ቀን! አምስት ዓመት የለፋበት በዘጠኝ ቀን ሊያልቅ ነው። ዛሬ ቢሄድ ፈተናው ያልፈዋል፤ የሰሃላ ገበሬ ለፍቶ ያስተማረው አንድ ልጅ ያለ ዲግሪ ይቀራል። በዚያ ላይ በእኛ ሀገር ክፉ ወሬ እንደ ሰላምታ አይወረወርም። መርዶ ተጠብቆ፣ ቀን ተመርጦለት፣ ንጋት ላይ ሽማግሌ ይዞ ነው የሚነገረው። እኔም የወንድሜን መርዶ የሰማሁት ከወር በኋላ ነው፤ አቆይተው የነገሩኝን ሰዎች አመስግኛቸዋለሁ። ስለዚህ ይህንንም እናቆይለት አልሁ። ወይኔ ብርቄ! ያኮ ለሞተ ሰው ነው። የኪሮስ እናት በሕይወት ነበሩ። በር በሩን እያዩ ነበር። በቁም ያለ ሰው ላይ የመርዶ ደንብ ሠራሁባቸው።

ማኅበሩን ሰበሰብሁ፣ ያለ ኪሮስ። ሁሉም ከእኔ ጋር ሆነ፤ ሰይድ ብቻ እንቢ አለ። «ለባለቤቱ ይነገረው። መሄድም መቅረትም የሱ ነው» አለ።

«አንተ ዲግሪውን ልትሰጠው ነው?» አልሁት። ምላሴ ስለት ነበር። «ብትድንስ? ለከንቱ ፈተናውን ጥሎ ሊሄድ? ትንሽ ሆድህ ይቻለው!»

ሰይድ ዝም አለ። ያን ዝምታውን እስካሁን ድረስ ይቅር አልለውም፤ እሱም ራሱ ይቅር ያለው አይመስለኝም።

ያን ዘጠኝ ቀን እንደ ሙሽራ ያዝነው። ጀሪካኑን ነጠቅነው፣ ሻይ በየሰዓቱ፣ ልብሱን ልጆቹ አጠቡለት፣ እትዬ ዓለም ሳይቀሩ የተቀቀለ እንቁላል ላኩለት። ኪሮስ ግራ ገባው። «ምነው እንዲህ አቀማጠላችሁኝ? ልሞት ነው እንዴ?» ብሎ አፉን ሸፍኖ ሳቀ። ሁላችንም ሳቅን። እኔም ሳቅሁ። ጀሪካኑን ግን በሁለተኛው ቀን መልሶ ወሰደው፤ «አእምሮዬ የሚከፈተው ሳጠጣ ነው» አለ።

ለፈተናው ሁለት ቀን ሲቀረው ከከተማ ሲመለስ መንገድ ላይ አገኘሁት። ከኪሱ ሻሽ አወጣ፤ ቀይ ሆኖ ዳር ዳሩ ቢጫ አበባ አለው። «ፈተናው እንዳለቀ ወደ ቤት ነው። ለእናቴ ነው የገዛሁት። ቀለሙ አልበዛም?» አለኝ።

«ያምርባቸዋል» አልሁት።

ያን ቀን ንገሪው ንገሪው ይለኝ ነበር ሆዴ። ሁለት ቀን ብቻ ቀረ፣ ያን ያህል ታግሠሽ አልሁና ዋጥሁት። የማላውቀው ነገር ቢኖር፣ እናቱ ያኔ ከተቀበሩ ሦስት ቀናቸው ነበር።

ፈተናው ባለቀ ማግስት፣ ንጋት ላይ፣ አያ ሞላ ሁለት ሽማግሌዎች ይዘው መጡ። እኛ ደግሞ ማታውን ተመካክረን ዛሬ ልንነግረው ነበር። ገንዳው ዘንድ አስቀመጡት። ኪሮስ ሽማግሌዎቹን ሲያይ ገባው፤ ሰው እንዲህ ሆኖ ለምን እንደሚመጣ የሀገሩ ልጅ ያውቃል። ሲነገረው ራሱን ያዘ እንጂ አልጮኸም። ጩኸቱን ያመጣው አጎቱ ናቸው። እያለቀሱ፣ ሊያጽናኑት ብለው፣ «አይክፋህ ልጄ፤ ጠርቼህ ስትቀር ጊዜ ፈተናው ይዞት ነው ብለን ነገርናት። አልተቀየመችህም። ብቻ እስከ መጨረሻዋ ስትጠብቅህ ነበር» አሉት።

ኪሮስ ቀና አለ። «ምን ጥሪ?» አለ።

ሁሉም ወደ እኔ አየ። አያ ሞላም አዩኝ። መሬት ብትሰነጠቅ እገባ ነበር።

«እናቴ ስትጠራኝ እኔ ችግኝ ሳጠጣ ነበር?» አለኝ።

«ለአንተ ብለን ነው ኪሮስ… ፈተናው…»

«ለእኔ ብላችሁ ነው። አውቃለሁ። የምጠላው ሰው ያሳጣችሁኝም ለዚህ ነው።» ከዚያ በኽምጣኛ የተናገረውን አላውቀውም። አንደኛው ሽማግሌ ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። ኪሮስ ከአጎቱ ጋር ያንኑ ጠዋት ሄደ፤ ሻንጣውን እንኳ እኛ ነን በሰው የላክንለት።

ፈተናውን አለፈ፣ ያውም ከፍ ባለ ውጤት። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት እኔ ነኝ። ለምርቃቱ አልመጣም፤ ዲግሪውን የወሰደለት የለም። ሁለት ጊዜ ደብዳቤ ላክሁ፣ መልስ የለም። የእናቱን አርባ አውጥቶ ከሰሃላ ልጆች ጋር ወደ ባሕሩ ወጣ። በሰቆጣ ነው ያለፉት፤ አንድ ሌሊት እዚህ አድረዋል። እኔ ዘንድ አልመጣም። ለምን ሄደ ብላችሁ ከጠየቃችሁኝ፣ ሥራ አጥቶ ነው የሚሉ አሉ፤ እውነት ነው፣ ሥራ የለም። እኔ ግን የሚጠይቀኝ አለ ብሎ ያመነበትን ቦታ እኛ ስላፈረስንበት ነው እላለሁ።

ባለፈው ዓመት ግቢውን ሄጄ አየሁት። ክበቡ ቢሮ አለው፣ ታፔላ አለው፣ ፕሬዚዳንትና ጸሐፊ አለው። ገንዳው ደርቋል፤ የኪሮስ የአሸዋ ጉድጓድ ቆሻሻ ተጥሎበታል። ከችግኞቹ ሁለት ወይራ ብቻ ተርፈው አየሁ፤ የቀሩትን ፍየል በልቷቸዋል፣ ውሃ ጠምቷቸዋል። አንዲት ተማሪ አገኘሁና፣ «ሐሙስ ሐሙስ የሚሰበሰቡ ልጆች የሉም?» አልኋት። «እሱ ድሮ ነው፤ አሁን በቴሌግራም ነው» አለችኝ። «የቀረ ሰው ሲኖርስ?» አልኋት። ጥያቄው አልገባትም።

እንግዲህ ከመስቀል እስከ ጥምቀት ምን ይዞኝ ከረመ? ምንም። መጀመሪያ፣ አባቱ ሰብላቸውን ይሰብስቡ አልሁ፤ ብቸኛ ሰው ናቸው፣ ልባቸው ከተሰበረ ማሽላቸውን ወፍ ይበላዋል። ሰብሉ ሲገባ፣ ጾሙ ይፈታ አልሁ። ጾሙ ሲፈታ፣ በዓመት በዓል መርዶ ይነገራል እንዴ አልሁ። ያውም እኔ! ያን ሁሉ ያየሁ እኔ! ሌላ ሰው እንዲህ ቢያደርግ በአደባባይ እሰድበው ነበር። ፈርቼ ነው። ሌላው ሁሉ ሰበብ ነው።

ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ ፈቃድ ጠይቄ ተነሣሁ። መኪናው እስከሚደርስበት ሄጄ፣ የቀረውን በእግሬ። አያ ሞላን ጠርቼ፣ ሽማግሌ ይዤ፣ ጎሕ ሲቀድ ልነግራቸው ነበር ሐሳቤ። መንደሩ ስደርስ ሰው ሁሉ ቀብር ወርዷል፤ አባቱ ብቻ እግራቸውን አሟቸው ቀርተዋል። ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው የማሽላ ዘር ይለቅማሉ። ኪሮስን ቁጭ ነው፤ ያው ቁመት፣ ያው ቅጥነት። የልጅዎ ጓደኛ ነኝ ስላቸው ሊነሱልኝ ሞከሩ።

«በሞቴ አይነሱ አባቴ!»

«ኧረግ! ከእሱ ወሬ ይዘሽልኝ መጣሽ? ከወጣ ጀምሮ ድምፁን አልሰማሁ። ደህና ነው?»

ደህና ነው ማለት ከአፌ ጫፍ ደርሶ ነበር። አያ ሞላ እስኪመለሱ፣ እስኪነጋ፣ ሽማግሌ እስኪመጣ። ገንዳው ዘንድ «ምን ጥሪ?» ያለበት ቀን የኪሮስ ፊት ትዝ አለኝና እግራቸው ሥር ተንበረከክሁ። «አባቴ፣ ኪሮስ ሞቷል» አልኋቸው። በጠራራ ፀሐይ፣ ለብቻቸው፣ እንዲያ አድርጌ ነገርኋቸው።

እጃቸው ዘሩ ላይ ቆመ።

«መቼ ነው?» አሉ።

«ለፍልሰታ መፍቻ ነው አሉ።»

«አንቺ መቼ ሰማሽ?»

መዋሸት እችል ነበር። «መስቀል ሳይገባ» አልሁ።

በጣታቸው ይቆጥሩ ጀመር፤ አጠፉ፣ ዘረጉ፣ እንደገና አጠፉ። «እንዲያ ከሆነ አርባው መስቀል ካለፈ በኋላ ነበር የሚውል» አሉኝ፣ ቁጣ በሌለው ድምፅ፣ ነገሩን ለማወቅ ብቻ እንደሚጠይቅ ሰው። «ይደረስበት ነበር። አሁን ሰማንያውም አልፏል።»

«ይቅር ይበሉኝ አባቴ።»

የሰሙኝም አይመስለኝ። ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አቅጣጫ እያዩ ነበር።

«እኔኮ እስከ ዛሬ ጠዋት ድረስ በሰላም መልስልኝ እያልሁ ነው የምለምነው» አሉ። «አንድ ቀን፣ አንዲት ቀን እንኳ፣ ነፍሱን ማርልኝ አላልሁለትም።»